ኮከብ ምልክቱ ዜሮ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የአሜሪካዋን ሜሪላንድ ግዛት ካውንቲዎች (የግዛቲቱን የአስተዳደር ክፍሎች) በሞት መጠን ያነጻጸራችሁበትን ዘገባ ከነሰንጠረዡ አነበብኩት። በየቴሌግራሙ ሲዞር ሰንብቷል፤ ላላየው አንባቢ፦ ካውንቲዎቹን በሞት ደረጃ ያስቀመጠ፣ የሞቱን አዝማሚያ የተነተነና በመጨረሻም ስለ ኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የደመደመ ዘገባ ነው። እረፍት የነሳኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። «በኬንትና በሌሎች ትንንሽ ካውንቲዎች በጉበት ካንሰር የሞተ ሰው አልተመዘገበም» ብላችኋል። ሰንጠረዡ እንዲህ አይልም። በእነዚያ ካውንቲዎች ትይዩ ያለው ኮከብ ምልክት ነው። ኮከብ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። ትርጉሙ ከሰንጠረዡ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ዘጋቢው አላየውም፣ አርታኢው አላየውም፣ እናንተም እንዳለ ለቀቃችሁት።

ላስረዳ። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩትና የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከሉ ሲዲሲ የሚያወጡት የካውንቲ ሰንጠረዥ የ5 ዓመት ድምር ነው። በ5ቱ ዓመት የተመዘገበው ሞት ከ16 ካነሰ ቁጥሩ አይወጣም፤ ኮከብ ይደረግበታል። ሲዲሲ ዋንደር በሚባለው የመረጃ ቋት ላይ ደግሞ ከ10 በታች የሆነ ሞት ይሸፈናል፤ ከ20 በታች በሆነ ሞት ላይ የተሰላ መጠንም «አያስተማምንም» የሚል ምልክት ይሰጠዋል። ይህ የሚደረገው በሁለት ምክንያት ነው። ቦታው ትንሽ ሲሆን ሟቹ ማን እንደሆነ በቀላሉ ይታወቃል፤ የቤተሰብ ምስጢር አደባባይ ይወጣል። ከዚያም በላይ፣ በጥቂት ሰው ላይ የቆመ መጠን ዘንድሮ አንድ ነገር፣ ለከርሞ ሌላ ነገር ይላል።

በቁጥር እንየው። ኬንት 19 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት፣ ከሜሪላንድ ካውንቲዎች ሁሉ ትንሿ ናት። ለስሌት ያህል በጉበት ካንሰር በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 7 ይሞታል ብለን ብንነሳ፣ ከኬንት በ5 ዓመት የምንጠብቀው 6 ወይም 7 ሟች ነው። ከ16 ያንሳልና ኮከብ ይሆናል። ይህን ያህል ቤት ሐዘን ሊቀመጥበት የሚችልን ቦታ ነው እናንተ «የሞተ የለም» ያላችሁት። ደግሞም 7 ሰው መሞቱን ብናውቅ እንኳ መጠኑ ከ100 ሺህ 7.4 ሆኖ የ95 በመቶ እርግጠኝነት ወሰኑ (እውነተኛው መጠን ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ከ3 እስከ 15 ይንቦረቀቃል። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በሚኖርባት በሞንጎመሪ ግን መጠኑ 7 ቢሆን የ5 ዓመቱ ሟች 370 ያህል ነው፤ ወሰኑም ከ6.3 እስከ 7.8 ባለው ውስጥ ይጠባል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄኛው ይበልጣል፣ ያኛው ያንሳል» ማለት አይቻልም። ትንንሾቹን ካውንቲዎች ማወዳደር ከተፈለገ ጎረቤቶቻቸውን ደምሮ ማየት ነው፤ ኬንትን፣ ክዊን አንስን፣ ታልበትን፣ ካሮላይንንና ዶርቼስተርን እንደ አንድ አካባቢ ይዞ።

የሞት ደረጃ ያወጣችሁበት ክፍልም ከዚህ የተሻለ አይደለም። «በታልበትና ኦሽን ሲቲ ባለበት በዉስተር የሚኖር ሰው ከሞንጎመሪ ነዋሪ ይልቅ ለሞት የተጋለጠ ነው» ስትሉ የተጠቀማችሁት ጥሬውን መጠን ነው፦ የሟቹን ቁጥር ለነዋሪው ቁጥር አካፍላችሁ በ100 ሺህ አባዛችሁ። ታልበትና ዉስተር ጡረተኛ የሚሰበሰብባቸው ካውንቲዎች ናቸው፤ ከነዋሪያቸው ከሩብ የሚበልጠው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ሽማግሌ የበዛበት ቦታ ሞት ይበዛበታል። የአየሩን፣ የውሃውን ወይም የሐኪሙን ክፋት አያሳይም።

ቀላል ምሳሌ ላቅርብ። ሁለት ካውንቲዎች አሉ እንበል። በሁለቱም ከ65 ዓመት በታች ካሉት 100 ሺህ ሰዎች በዓመት 200፣ ከ65 በላይ ካሉት 100 ሺህ ደግሞ 4,000 ይሞታሉ። ማለትም በየዕድሜው ያለው አደጋ ፍጹም አንድ ነው። በመጀመሪያው አረጋውያኑ 30 በመቶ፣ በሁለተኛው 16 በመቶ ናቸው። ጥሬው መጠን ለመጀመሪያው 1,340፣ ለሁለተኛው 808 ይወጣል። ምንም ልዩነት በሌለበት 66 በመቶ ብልጫ ተፈጠረ። ይህን ለማረም ነው ሁሉንም ካውንቲ በአንድ ሚዛን የሚመዝኑት፤ በአሜሪካ የተለመደው ሚዛን የ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታችም ዓመቶቹ ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ስታንዳርድ ሕዝብ፣ ማለትም ለሁሉም የሚሠራ አንድ የዕድሜ ስብጥር ነው። ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉት 12.6 በመቶ ክብደት ይሰጣል። በዚህ ብናሰላ ሁለቱም ካውንቲዎች 679 ላይ እኩል ይቆማሉ። ይህ በዕድሜ የተስተካከለ መጠን ይባላል። ለማወዳደሪያ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ስንት ሰው እንደሞተ፣ ስንት አልጋ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ግን ጥሬውን መያዝ ያሻል። እናንተ የማወዳደሩን ሥራ በጥሬው ሠራችሁት። የተስተካከለው ዐምድ እዚያው ሰንጠረዥ ላይ፣ ከተጠቀማችሁበት ዐምድ ቀጥሎ ነበር።

ባልቲሞር ከተማንና ባልቲሞር ካውንቲን አንድ አድርጋችኋል። ከ1851 ጀምሮ የተለያዩ ናቸው፤ ሜሪላንድ 23 ካውንቲና አንድ ራሱን የቻለ ከተማ ያላት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን መቀላቀል በከተማዋ ያለውን ከባድ ሞት በካውንቲው ነዋሪ ብዛት ማለዘብ ነው።

ወደ አዝማሚያው ልምጣ። «በአንድ ዓመት ውስጥ በእጥፍ ጨመረ» ያላችሁት ከ2 ሞት ወደ 4 ሞት የሄደ ቁጥር ነው። አዝማሚያ በሁለት ዓመት አይነበብም። ሙያው የረጅም ዓመታት መስመር ይዞ፣ መስመሩ የት ላይ እንደታጠፈ ፈልጎ፣ አማካይ ዓመታዊ ለውጡን በመቶኛ ከነወሰኑ ያሰላል። ወሰኑ በሙሉ ከዜሮ በላይ ከሆነ «እየጨመረ»፣ በሙሉ ከዜሮ በታች ከሆነ «እየቀነሰ» ይባላል። ዜሮን ካቀፈ «የተረጋጋ» ይባላል። ይህን የመጨረሻውን ቃል «ለውጥ የለም» ብላችሁ ተርጉማችሁታል። ትርጉሙ «ለውጥ መኖር አለመኖሩን በዚህ ቁጥር መለየት አልተቻለም» ነው። በትንሽ ካውንቲ ሞት በርግጥ እየጨመረ ሳለ «የተረጋጋ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። «ከአገር አቀፉ ጋር ተመሳሳይ» የሚለውም እንደዚያው ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ ከ2016 እስከ 2020 ያለውን ድምር ከ2017 እስከ 2021 ካለው ጋር ማወዳደር አያዋጣም፤ አራቱ ዓመት በሁለቱም ውስጥ አሉ። ሁሉንም የሞት ምክንያት ስትደምሩም 2020 እና 2021 ኮቪድ ያለባቸው መሆኑን መጻፍ ግድ ነው።

ይህ ሁሉ የሙያ ስሕተት ነው፤ ይታረማል። ያላስቻለኝ የመዝጊያችሁ አንቀጽ ነው። «ኢትዮጵያውያንን ለይቶ የሚያሳይ መረጃ የለም፤ ስለዚህ የማኅበረሰባችን ሁኔታ በካውንቲው ካሉ ጥቁሮች አማካይ ጋር አንድ ነው ብሎ መውሰድ ይቻላል» ትላላችሁ። በአማርኛ፣ ለእኛ፣ ስለ እኛ የሚጻፍ ዘገባ በዚህ ያበቃል? እኛ በሰንጠረዡ ላይ ኮከብ እንኳ አላገኘንም፤ እናንተ ደግሞ በሌላ ሰው ቁጥር ሞላችሁን።

መረጃው አለ። በአሜሪካ መደበኛ የሞት ምስክር ወረቀት፣ በ2003 በተሻሻለው፣ የሟቹ የትውልድ ቦታ የሚሞላበት ሣጥን አለ፤ ውጭ አገር ከተወለደ የአገሩ ስም ይጻፋል። ዘር የሚጠየቅበት ቦታ ላይ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» የሚለው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ የካውንቲው ሰንጠረዥ ሲወጣ የሚቆጠረው ይህ ብቻ ነው። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይቀራል። በሞንጎመሪ «ጥቁር» በሚለው ዐምድ ውስጥ እዚሁ ተወልዶ ያደገው፣ ከካሜሩን የመጣው፣ ከጃማይካ የመጣውና ከጎንደር የመጣው በአንድ ላይ ተደምረዋል። የውጭ ተወላጅ ጥቁሮች በካንሰር የመሞት መጠን በአጠቃላይ እዚህ ከተወለዱት ያነሰ መሆኑ በጥናት የታወቀ ነው፤ በጉበትና በጨጓራ ካንሰር በኩል ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አማካዩ ሁለቱንም ይደብቃል።

አካፋዩም፣ ማለትም የሟቹ ቁጥር የሚካፈልበት የነዋሪው ቁጥር፣ አለ። በ2020 ቆጠራ ቅጽ ላይ በጥቁር ስር ዝርዝር የትውልድ ምንጭ የሚጻፍበት መስመር ነበር፤ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው በምሳሌነት ታትሞበታል። ከዚያ የተገኘው ዝርዝር ቁጥር በ2023 ወጥቷል። በማርች 2024 የወጣው የፌዴራል የዘርና የብሔር መመዘኛም ኢትዮጵያዊን በስሙ ከዘረዘራቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ የሜሪላንድ ጤና መምሪያ የቫይታል ስታቲስቲክስ (የልደትና የሞት መዝገብ) ክፍል ዘንድ ጥያቄ አቅርቦ፣ ኢትዮጵያ የተወለዱ ሟቾችን በ10 ዓመት፣ ሞንጎመሪንና ፕሪንስ ጆርጅስን በአንድ ላይ፣ በዕድሜ ክፍልና በዋና ዋና ምክንያት ማስቆጠር ይቻላል። 10 ዓመትና ሁለት ካውንቲ የምለው ቁጥሩ ከ20 እንዲያልፍና እንዳይሸፈን ነው። በዕድሜ ክፍል የምለው ደግሞ ማኅበረሰባችን ገና ወጣት ስለሆነ ነው፤ ጥሬው መጠን «ደህና ነን» ብሎ ያታልለናል።

ሁለት ነገር አብሮ ይታሰብ። ሟች ሁሉ የሚቆጠረው ይኖርበት ለነበረው ካውንቲ ነው፤ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ዋሽንግተን ዲሲ ሆስፒታል ቢሞት ለሞንጎመሪ ይቆጠራል። እዚህ ሞቶ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት የተላከውም እዚህ ይቆጠራል። ነገር ግን ሕመሙ ሲጠናበት ጸበል ልግባ፣ ወንድሞቼ መሐል ልሁን ብሎ ሄዶ አዲስ አበባ ያረፈው እዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ የለም። ስለዚህ ቆጠራው ተሠርቶም ቢሆን የእኛ ሞት ከእውነቱ አንሶ ይወጣል።

ሁለተኛው ወረቀቱ የሚሞላበት መንገድ ነው። የሞቱን ምክንያት የሚጽፈው ሐኪሙ ነው። መጀመሪያው መስመር ላይ የቅርቡ፣ መጨረሻው መስመር ላይ የሁሉም መነሻ የሆነው ይጻፋል፤ ሰንጠረዥ የሚገባው መነሻው ነው። ሐኪሙ «ጉበት ደከመ» ብሎ ብቻ ካቆመ የጉበት ካንሰሩ ይጠፋል። ከሌላ ቦታ ወደ ጉበት የተዛመተን «የጉበት ካንሰር» ካለው ደግሞ ያልነበረ ይፈጠራል። ቀሪውን፣ የትውልድ ቦታን፣ ዘርን፣ ትምህርትንና ሥራን፣ ፊውነራል ሆሙ (የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት) ከቤተሰብ ጠይቆ ይሞላል። እዚያ ላይ ሐዘንተኛው «አፍሪካ» ብሎ እንዳያልፍ፣ «ኢትዮጵያ» ይበል። ሥራው ሲጠየቅ «ጡረተኛ» አይባልም፤ ብዙ ዓመት የሠራበት ይጻፋል፣ ታክሲ ነጂ ከነበረ ታክሲ ነጂ፣ ፓርኪንግ ከነበረ ፓርኪንግ። የእድር ጸሐፊዎች ለቤተሰብ የሚሰጡት ማስታወሻ ላይ ይህችን ቢጨምሩ በጥቂት ዓመት ልዩነቱ ይታያል።

ይህን ሁሉ በጉበት ካንሰር ላይ ያተኮርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዋና ዋና መነሻዎቹ አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ በአገራችን የተለመደ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ ለብዙ ዓመት ምልክት የማይሰጥ ቫይረስ። ሲዲሲ ከ2023 ጀምሮ ማንኛውም 18 ዓመት የሞላው ሰው በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለዚሁ ቫይረስ በሚደረጉት ሦስት የደም ምርመራዎች እንዲታይ ይመክራል። የተገኘበት ሰው መድኃኒት አለው፤ አደጋው ከፍ ላለበት በየ6 ወሩ የጉበት አልትራሳውንድ ይታዘዛል፤ ያልያዘውና መከላከያው የሌለው ይከተባል። እናንተ ግን በአንድ ገጽ ላይ በጉበት ካንሰር «የሞተ የለም» አላችሁ፣ እኛንም ከአማካዩ ጋር አንድ ናችሁ አላችሁ። ይህን ያነበበ አባት ለምን ብሎ ይመርመር?

ሁለት እርማት እጠይቃለሁ፤ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ ከላይ፣ በተመሳሳይ የፊደል መጠን። የኬንቱ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይባል፦ «በእነዚህ ካውንቲዎች የ5 ዓመቱ ሞት ከ16 በታች ስለሆነ ቁጥሩ አልተገለጸም።» የመዝጊያው ደግሞ እንዲህ፦ «ኢትዮጵያ የተወለዱ ሟቾች በምስክር ወረቀታቸው ላይ ተመዝግበዋል፤ ይህ ዘገባ ሲሠራ ቁጥራቸው ከመምሪያው አልተጠየቀም።»

ከአክብሮት ጋር፣
የጤና መረጃ ባለሙያ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ