ሕክምናውን ዳግመኛ ስለመጀመር ለጋሼ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ወንድሜ ለጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው እሑድ የነገሩኝን ከሰማሁ ወዲህ ልቤ ስላላረፈ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ሳንጨርሰው የቀረውን ጉዳይ በጽሑፍ ልልክልዎ ወሰንኩ። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እንደወረዱ የኤች አይ ቪ መድኃኒትዎ አለቀብዎ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ጎንደር ከተመለሱ በኋላም «አሁን በምን ፊቴ እገባለሁ» እያሉ ወራት አለፉ። ከዓመታት በፊት ቀጠሮ በማሳለፍዎ ብቻ በሰው ፊት የተቆጣችዎ ነርስ እስከ ዛሬ ከልብዎ እንዳልወጣችም ዐውቃለሁ። ያ ቁጣ ተገቢ አልነበረም። ነገር ግን በእርስዋ ንግግር የተነሣ ሕይወትዎን አሳልፈው እንዳይሰጡ እለምንዎታለሁ።

እዚህ ሜሪላንድ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ያቋርጡና የሚመለሱ ሰዎች አሉ። አንዱ ሥራ ሲለቅ ኢንሹራንሱ ተቋርጦበት፣ ሌላው ሐዘን ደርሶበት፣ ሌላውም ደኅና ነኝ ብሎ የተወ ነው። ማንም ሰው «ለምን ተውክ» ተብሎ ከሕክምና አይባረርም፤ በአገራችንም ቢሆን መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ያቋረጠ ሰው ተመልሶ መጀመር ይችላል። ከሰፈር ሰው ጋር መገናኘት ካሳሰብዎ ደግሞ የዝውውር ወረቀት አጽፈው ራቅ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መከታተል ይችላሉ።

«ምንም አላመመኝም» ያሉኝን አስቤበታለሁ። መድኃኒቱ ቫይረሱን ያዳክመዋል እንጂ ከሰውነት ጨርሶ አያጠፋውም፤ ጥቂቱ በደም ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። መድኃኒቱ በተቋረጠ በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና መራባት ይጀምራል፤ ሕመም ግን ወዲያው ላይሰማ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታወቀ፣ በ33 አገሮች ከ5,400 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ስማርት የተባለ ጥናት ነበር። ሲዲ ፎራቸው፣ ማለት በደም ውስጥ ያሉት በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ቁጥር፣ ከፍ ሲል መድኃኒቱን እያቆሙ፣ ሲወርድ ደግሞ እየጀመሩ እንዲቆዩ የተደረጉት ሰዎች ሳያቋርጡ ከወሰዱት ይልቅ ለከባድ ሕመምና ለሞት የተጋለጡት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ስለተገኘ፣ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። በልብ፣ በኩላሊትና በጉበት ላይም ጉዳት በዝቶ ታይቷል። ስለዚህ እርስዎ ዕረፍት የመሰለዎት ጊዜ ለሰውነትዎ ዕረፍት አልነበረም።

መድኃኒቱ ከእንግዲህ አይሠራልኝም ብለው መፍራትዎ ግን ላያስፈልግ ይችላል። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ እርስዎ የወሰዱትን አስታውሳለሁ፤ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት፣ እግርዎን እያቃጠለዎ፣ ፊትዎም እየከሳ። ስታቩዲን የሚባለው ነበር ያን የሚያደርገው። በኋላ የመጣው ኢፋቪሬንዝም በሕልም ሲያስጨንቅዎ ኖሯል፤ ድንገት ሲቆምም አብረውት የሚዋጡት ቶሎ ሲወጡ እርሱ ብቻውን በደም ውስጥ ስለሚቆይ ቫይረሱ ቶሎ ይላመደው ነበር። ከማቋረጥዎ በፊት ይወስዱት የነበረው ግን ዶሉቴግራቪር ያለበት፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ፍሬ ነው፤ ቫይረሱ በቀላሉ አይላመደውም። ስለዚህ አብዛኛው ያቋረጠ ሰው በዚያው መድኃኒት መልሶ ይጀምራል፤ መሥራቱም ጥቂት ወራት ቆይቶ በሚደረገው የቫይረስ መጠን ምርመራ ይታወቃል።

ከወዳጅዎ ጥቂት ፍሬ ተበድረው ልጀምር ያሉትን ግን አልስማማበትም። የተበደሩት ሲያልቅ ሁለተኛ ማቋረጥ ይከተላል፤ የወዳጅዎም ይጎድላል። ከሁሉም በላይ፣ ማታ ማታ እንደሚያስልዎና ሱሪዎ እንደሰፋዎ ባለቤትዎ እትዬ ነግራኛለች። ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ የቲቢ ምልክቶች ስለሆኑ አክታዎ ሳይመረመር አይለፍ። ቲቢ ከተገኘ በቅድሚያ የቲቢው መድኃኒት ተጀምሮ የኤች አይ ቪው ይከተላል፤ ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት የዶሉቴግራቪርን ኃይል ስለሚቀንስ ዶሉቴግራቪር ጠዋትና ማታ እንዲወስዱ ይታዘዝልዎታል። ይህን በግምት ማድረግ አይቻልም።

ስለዚህ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደሚሰጥበት የኤአርቲ ክፍል ሲገቡ አንድም ነገር አይሸሽጉ። መጨረሻ የዋጡት መቼ እንደሆነ፣ ስለ ሳሉ፣ ራስ ምታት ካለዎ ስለ ራስ ምታቱ፣ ከሌላ ቦታ ስለገዙት መድኃኒት ሁሉ ይንገሩ። «አንዳንድ ቀን ብቻ ነው ያለፈኝ» ቢሉ የሚታዘዝልዎ ምርመራ ሌላ ይሆናል። የሲዲ ፎር ምርመራ እንዲደረግልዎ በራስዎ አንደበት ይጠይቁ፤ ከ200 በታች ከሆነ የማጅራት ገትር ፈንገስ ምርመራ ሊያስፈልግዎ ይችላል፤ ሌሎች ተላላፊ በሽታዎችን የሚከላከለው ኮትሪሞክሳዞልም ሊጨመርልዎ ይችላል። የጉበት ቫይረስ ቢ ተመርምረው እንደሆነም ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ እርሱንም ስለሚይዝ፣ በሽታው ያለበት ሰው ሲያቋርጥ ጉበቱ ሊቆጣ ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት ቢመጣ፣ ዕጢ ቢያብጥ ወይም ሳሉ ቢብስ መድኃኒቱ ገደለኝ ብለው አይተዉት። ሰውነት ጉልበቱ ሲመለስ ተደብቆ በቆየ በሽታ ላይ ይነሣል፤ ያን ጊዜ የሚደረገው ሳያቋርጡ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የአንገት መገተር ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ይሂዱ።

ጾሙን በተመለከተ አይጨነቁ፤ ይህ መድኃኒት ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ ስለዚህ ማታ ቢውጡት ጾምዎን አይነካም። ለጨጓራዎ የሚወስዱት ማስታገሻ ግን ማግኒዥየም ወይም አልሙኒየም ካለበት መድኃኒቱን ይዞ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የኤች አይ ቪውን መድኃኒት ከማስታገሻው ሁለት ሰዓት አስቀድመው ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይተው ይዋጡ። ብልቃጡ ኪስዎ ውስጥ እየተንኳኳ ሰው ይሰማዋል ብለው በላስቲክ እየቋጠሩ ይይዙት እንደነበር ዐውቃለሁ፤ እርጥበት ስለሚያበላሸው ከብልቃጡ አያውጡት፤ ብልቃጡን ከውጭ በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ ድምፁ ይቀንሳል። ያቺን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢትም አይጣሏት።

ጸበሉን አልከለክልዎትም፤ እኔም እጠጣለሁ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል።

እትዬ ቫይረሱ የለባትም፤ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሲወርድልዎ በግንኙነት እንደማይተላለፍ የታወቀ ነው፤ ለብዙ ዓመት የጠበቃትም እርሱ ነበር። አሁን ግን መጠኑ እስኪመረመርና ወርዶ እስኪታይ ድረስ ኮንዶም ይጠቀሙ፤ እርስዋም ትመርመር። ይህን ለእርስዋ መናገር ከከበደዎ ፈቃድዎን ይስጡኝና እኔ እደውልላታለሁ፤ ያለ ፈቃድዎ ግን አንድ ቃል አይወጣኝም።

ለመጓጓዣና ለሚያስፈልግዎ ሁሉ ትንሽ ገንዘብ በእትዬ ስም ልኬያለሁ። ሰኞ ጠዋት እንዲሄዱ እለምንዎታለሁ፤ ካርድ አውጥተው እንደጨረሱ በሌሊትም ቢሆን ይደውሉልኝ፤ ስልኬን ከአጠገቤ አላርቅም። የሰጡዎትን መድኃኒት ስምና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን ያንብቡልኝ፤ እኔም እዚህ እጽፈዋለሁ።

አክባሪና ናፋቂ እህትዎ፣
ከሜሪላንድ