ለደንበኞቻችን፦ ከጠመንጃው በፊት ጥይቱን ምረጡ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንኳን ለመስቀል በዓል በሰላም አደረሳችሁ። እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የአጋዘን አደን ወቅት እየቀረበ ስለሆነ ስልካችን እረፍት አጥቷል። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ «ያንን የካውቦይ ጠመንጃ፣ ሌቨሩን፣ ልገዛ ነው። የቱ ጥይት ይሻላል?» ሌቨር የምንለው ምላጩ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታችና ወደ ላይ እያንቀሳቀስን የምናጎርሰውን ጠመንጃ ነው። በስልክ ቆመን የምንሰጠው መልስ ሁሌም ጎደሎ ይሆንብናል። ለዚህ ነው የጻፍንላችሁ።

በቅድሚያ አንድ ጥፋታችንን እንናገር። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛችን .30-30 የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ሌቨር ከእኛ ገዝቶ ሄደ። ጠመንጃው ያምራል፣ ዋጋውም ደህና ነበር። ለምን እንደፈለገው ግን አልጠየቅነውም። ለአደን ሲሰናዳ ጓደኛው «በዚህ እኮ ኦሃዮ ውስጥ አጋዘን አይተኮስም» አለው። ልክ ነበር። ጠመንጃውን ተቀብለን ለወጥንለት። እሱ ሳቀ፣ እኛ ግን አፈርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኦሃዮ አጋዘን በራይፍል የሚያድን ሰው መጠቀም የሚችለው ቀልሃው ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ ጥይት ብቻ ነው። የጥይቱ ስፋትም ከ.357 እስከ .50 ኢንች መሆን አለበት። የ.30-30 ቀልሃ ደግሞ እንደ ጠርሙስ አንገቱ ላይ ይጠባል። ስለዚህ ወደቀ። ጥይቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጠመንጃ ሠሪው ዊንቸስተር በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ለ1894 ሞዴል ጠመንጃው ያወጣው፣ በጭስ አልባ ባሩድ የሚሠራ ጥይት ነው። ያ ጠመንጃ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ሕጉ በሚፈቅድበት ስቴት የምታድኑ ከሆነ ብዙ ሳታስቡ .30-30ን ውሰዱ። ለኦሃዮ ግን ሬሚንግተን የሚባለው ኩባንያ በ2023 .360 በክሀመር የሚባል ጥይት አውጥቷል። የ.30-30ን ቀልሃ አንገቱን አስተካክለው ቀጥ አደረጉት ማለት ነው። ለሕጉ ተብሎ የተሰፋ ልብስ በሉት። ሥራውን ግን ይሠራል።

አሁን ወደምንወደው እንምጣ። ከእናንተ አብዛኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ትመታላችሁ፤ ጫካ የምትወጡት በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው። እንዲህ ላለ ሰው የእኛ ምርጫ .357 ማግነም ነው። በመጀመሪያ የሽጉጥ ጥይት ነበር። ከሽጉጥ ሲወጣ በሰከንድ 1250 ጫማ ገደማ የሚሄደው 158 ግሬን (የጥይትና የባሩድ ክብደት መለኪያ ነው) እርሳስ፣ ከሌቨር ረጅም አፈሙዝ ሲወጣ 1700ን ያልፋል። ከ100 ያርድ ወዲህ ላለ አጋዘን ይበቃል። ለልምምድ ደግሞ ያው ጠመንጃ .38 ስፔሻል የሚባለውን አጠር ያለ ለስላሳ ጥይትም ይጎርሳል። ሰደፉ ትከሻ አይመታም፣ ድምፁም ለስለስ ይላል። መጀመሪያ ቀን ባለቤቱን ወይም ልጁን ይዞ ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዴ በኃይለኛ ጥይት ትከሻው የተመታ ጀማሪ ሁለተኛ አይመጣም። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። አንዳንድ የድሮው የዊንቸስተር 1873 ሞዴል ቅጂዎች በጥይት ርዝመት መራጭ ናቸው፤ አጭሩ .38 ሊያስቸግራቸው ይችላል። ብዙ .38 ከተኮሳችሁ በኋላ ደግሞ ረጅሙ .357 የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥቀርሻ ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። ጥረጉት።

«የድሮው ነገር እንደ ድሮው ይሁን» የምትሉም አላችሁ። ይገባናል። ለእናንተ የሚሆነው .44-40 ነው። የ1873ቱ ዊንቸስተር አብሮት የተወለደ ጥይት ነው። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይነግራችኋል፦ 44 ስፋቱን፣ 40 ደግሞ የሚጎርሰውን 40 ግሬን ጥቁር ባሩድ። ቆየት ብሎ ኮልትም በዚያው ጥይት ሽጉጥ ስለሠራ፣ ሰው አንድ ዝናር ታጥቆ ሁለቱንም መሣሪያ ያጎርስ ነበር። የቀልሃው ግድግዳ ስስ ነው። ሲተኮስ ወዲያው ተነፍቶ ስለሚገጥም ጥቀርሻ ወደ ኋላ ብዙ አይመለስም። ጥቁር ባሩድ የሚተኩስ ሰው ይህን ያመሰግናል። ግን አንገቱ ትንሽ ስለሚጠብ ለኦሃዮ አጋዘን እሱም አይሆንም። .45 ኮልት ጠይቃችሁ «እውነተኛው የካውቦይ ሌቨር ይሄ ነው» ለምትሉን ግን ትንሽ እንከራከር። ጥይቱ የ1873 ነው፣ እውነት ነው። ጠመንጃው ግን በዚያ ዘመን በ.45 ኮልት አልተሠራም። የመጣው ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ ነው። ከወደዳችሁት ውሰዱት፤ ታሪክ ብላችሁ ግን አትውሰዱት።

የካውቦይ ውድድር ላይ የምትገቡ፣ ውድድሩን የሚመራው የሲንግል አክሽን ሹቲንግ ሶሳይቲ ሕግ የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃና የእርሳስ ጥይት ይጠይቃል። ፍጥነቱም በሰከንድ ከ1400 ጫማ ማለፍ የለበትም፤ ዒላማው ብረት ስለሆነ። ስለዚህ እዚያም .38 ይዞ የሚመጣ ሰው ደስተኛ ነው።

.45-70ን ለመጨረሻ ያቆየነው ሆን ብለን ነው። ወንዶቹ ገና ከበሩ ሲገቡ የሚያዩት እሱን ነው። የአሜሪካ ጦር በ1873 የያዘው ጥይት ነው፤ ከእኛው ውጅግራ በአንድ ዓመት ይበልጣል። የአያቱን ውጅግራ ያየ ሰው የጥይቱን ውፍረት ይገምታል። የቱንም አጋዘን ይጥላል፣ በኦሃዮም ይፈቀዳል። ግን ይራገጣል። ፓኬቱንም በደንብ አንብቡ። ማርሊን ለሚባለው ዘመናዊ ሌቨር የተዘጋጀው ኃይለኛ ጥይት እና ለድሮ ጠመንጃ የሚሆነው ለስላሳው በአንድ ስም ነው የሚሸጡት። ኃይለኛውን ደካማ ጠመንጃ ውስጥ ከከተታችሁ ጠመንጃውም እናንተም ትጎዳላችሁ።

የቱንም ብትመርጡ ይህችን አትርሱ። የአብዛኛው ሌቨር ካዝና ከአፈሙዙ ሥር ያለ ቱቦ ነው። ጥይቶቹ ተሰልፈው ይተኛሉ፤ የአንዱ ጫፍ የፊተኛውን ቂጥ ይነካል። የሚነካውም ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰውን ቦታ ነው። ጫፉ ሹል ከሆነ ጠመንጃው ሲራገጥ እዚያው ቱቦ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። አባቶቻችን ለበን የሚሉት የፈረንሳዩ ሌቤልም ቱቦ ካዝና ነበረው። ፈረንሳዮች ሹል ጥይት ሲያመጡ የቀልሃው ቂጥ ላይ ጫፉን የሚይዝ ክብ ቦይ ቀርጸውበታል። የእናንተ ጥይት ያ ቦይ የለውም። ጫፉ ጠፍጣፋ ወይም ደብዛዛ የሆነውን፣ ወይም ለሌቨር ተብሎ በለስላሳ ጎማ መሰል ጫፍ የተሠራውን ብቻ አጉርሱ።

ጠመንጃ ቤታችሁ ካለ፣ አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ስም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አምጡ። «ፎርቲ ፎር ነው» ማለት አይበቃም። .44-40 እና .44 ማግነም አይገጣጠሙም። የጠመንጃ ወቅቱ የሚጀምረው ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው፤ አጋዘን ስታድኑ ከ3 ጥይት በላይ አይጎረስም። የዘንድሮውን የአደን ሕግ መጽሐፍ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠናል፣ በነጻ ውሰዱ። ሕጉ ይለዋወጣልና በአምናው አትተማመኑ።

ቅዳሜ ከሰዓት ብትመጡ ቡናም አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤትና ሠራተኞች