የድሮ ሞተርሳይክሎችን ቁጥር አታስፍቁብን

ለተሽከርካሪ ምዝገባና ምርመራ መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የድሮ ሞተርሳይክሎችን መዝገብና ምርመራ ይመለከታል

የተከበሩ ኃላፊ፣

ይህን የምጽፍልዎ የድሮ ሞተርሳይክል ነፍሴ ስለሆነ ነው። ልመናዬም ግልጽ ነው። በብረታቸው ላይ የተመታው የጥንት ቁጥር አይፋቅ። የጥንት የምዝገባ ደብተሮች አይወገዱ። የድሮ ሞተርሳይክሎችም በተሠሩበት ዘመን ልክ ይመርመሩ።

ስለ ቁጥሩ ልጀምር። አንድ የድሮ ሞተርሳይክል ሲገኝ እኛ የድሮ ሞተርሳይክል ወዳጆች ቀድመን የምናየው ቀለሙን አይደለም። ጎንበስ ብለን ሻንሲው ላይ፣ ብዙ ጊዜ መሪው በሚገባበት አንገቱ አካባቢ፣ የተመታውን ቁጥር እንፈልጋለን። ጭቃውንና ዝገቱን በጨርቅ ቀስ እያልን እናነሳለን። አንዳንዱ አኃዝ ጠመም ብሎ ይገኛል፤ ሠራተኛው በመዶሻ አንድ በአንድ የመታው ነዋ! ከዚያ የሞተሩን ቁጥር እናያለን። ሁለቱ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ከገጠሙ መቼ እንደተሠራና ሞተሩ እንዳልተቀየረ ይታወቃል።

ፋብሪካው ተዘግቶ መዝገቡ ከጠፋ ግን የሚቀረን እናንተ ጋር ያለው ደብተር ብቻ ነው። ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ የመጨረሻው ባለቤት ስም ብቻ ገብቶ ደብተሩ ከተጣለ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 እንግሊዝ ውስጥ የብሔራዊ ሞተርሳይክል ሙዚየም ሲቃጠል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞተርሳይክሎች ተጎድተው ነበር። ብዙዎቹ በባለሙያ እጅ ተጠግነው ተመልሰዋል። ደብተር ግን እንዲህ ያለ ጥገና የለውም።

አንድ ቁጥር ይህን ያህል ምን ይነግራል ይሉ ይሆናል። የጀርመኑን ዲኬደብሊው አርቲ 125 ሞተርሳይክል ይውሰዱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ንድፉ ወደ ሌሎች አገሮች ተወሰደ። ሶቪየቶች ሞስክቫን፣ እንግሊዞች ቢኤስኤ ባንታምን፣ አሜሪካኖች የሃርሊ 125ን ከእሱ ሠሩ። ያማሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው የመጀመሪያ ሞተርሳይክሉ የዚሁ ዘር ነው። ቢኤስኤ ማርሹ በቀኝ እግር እንዲሆን ንድፉን እንደ መስተዋት ምስል ገለበጠው። ከሩቅ ላየ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ለይቶ የሚያስረግጠው ያ ቁጥር ነው። እሱን ፍቆ አዲስ መምታት ታሪኩን እንደ መቅደድ ነው። አዲስ ቁጥር የግድ ካስፈለገ፣ አሮጌው ሳይነካ አጠገቡ በትንሽ ሳህን ይለጠፍ።

ወደ ምርመራው ልምጣ። ፍሬቻ የለውም ተብሎ የሚወድቅ ሞተርሳይክል አለ። ሲሠራም አልነበረውም፤ ነጂው በእጁ ነበር ምልክት የሚሰጠው። ያንን ለማሟላት ደህናው ፓራፋንጎ ይበሳል፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይቀየራል። ያሳዝናል። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውንና እንደ ጥንቱ የተጠበቀውን ተሽከርካሪ ታሪካዊ ይለዋል። ጀርመንም ለእንዲህ ዓይነቱ የተለየ ሰሌዳ ትሰጣለች። እንግሊዝ 40 ዓመት ያለፈውን፣ ብዙ ካልተቀየረ፣ ከዓመታዊ ምርመራ ነጻ አድርጋለች። እኔ ግን ምርመራው ይቅርልን አልልም። ፍሬኑ መያዝ አለበት፣ ጎማው ደህና መሆን አለበት፣ መሪው ላልቶ መወዛወዝ የለበትም። በዚህ ቀልድ የለም። የምንለው በዘመኑ ያልነበረ ነገር አይጠየቅ ነው።

ደብተሮቹን ገጽ በገጽ ፎቶ ለማንሳት ጉልበታችንን በነጻ እንሰጣለን። የባለቤቶች ስም እንዲሸፈን ካዘዙም እንሸፍናለን። ቀጠሮ ይስጡንና ሥራውን ከየትኛው ዓመት ደብተር እንደምንጀምር እንነጋገር።

ከአክብሮት ጋር፣
የድሮ ሞተርሳይክል ወዳጅ