ላሊበላን ከገና ውጪም እንያት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ለገና በዓል ዋዜማ ስለ ላሊበላ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ይሁን እንጂ ከተማዋን ከታኅሣሥ 29 ጋር ብቻ አያይዞ ማቅረቡ፣ ሊጎበኛት የሚያስብን ሰው ያሳስታል ብዬ ስለማምን ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

እኔ ለገና ሁለት ጊዜ ከደሴ ተጉዣለሁ። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ በሚገኘው ማሜ ጋራ ላይ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ የተባለውን የገና ዝማሬ ሲያሸበሽቡ ማየት ለምእመን ታላቅ በረከት ነውና ማንንም ከዚያ አላስቀርም። ነገር ግን አብያተ ክርስቲያናቱን አይቻለሁ ለማለት አልደፍርም፤ ያየሁት ከፊቴ የቆመውን ሰው ጋቢ ነው። አልጋ ጠፍቶ በድንኳን አደርን፣ በማግስቱም ሹፌሩ ስለቸኮለ ተመለስን።

ባለፈው ጥቅምት ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ስንደርስ ከአንድ ዲያቆንና ከሁለት እናቶች በቀር ሰው አልነበረም። ከሌሎቹ አንዳንዶቹን ከዝናብ ለመከላከል የተተከለው ትልቅ ጣሪያ (መከላከሉ ባይከፋም ዓይን ይጋርዳል) እዚህ ስለሌለ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ መስቀሎች በጠዋት ፀሐይ ጥላቸውን ጥለው ይታያሉ። ቀዩን ድንጋይ እየዳሰስን በጠባቡ መውረጃ ወደ ታች ወረድን፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው የሚባለውንም ምልክት ዲያቆኑ ሳይቸኩል አሳየን። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚያሻግረው ዋሻ ውስጥ አስጎብኚያችን የስልካችንን መብራት አስጠፍቶ «ቀኝ እጃችሁን ከግድግዳው እንዳታነሡ» አለን። ያ ጨለማ የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። ልጄ ብርሃን እስክናይ ድረስ ሦስት ጊዜ «አባዬ፣ አለህ?» አለኝ። በገና ግፊያ ይህን ማድረግ የሚታሰብ አይደለም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520ዎቹ ቦታውን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ስለ ሕንፃዎቹ ብዙ ከመጻፍ እንደተቆጠበ ገልጿል። አሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገቡ ዝናቸውን እኔ የምጨምርበት አይደለም። የሚያሳዝነኝ ጎብኚው እነሱን ብቻ አይቶ መመለሱ ነው። ከከተማዋ በላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ገዳም በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ቢያስወጣም፣ ከዚያ ሆኖ የላስታን ሸንተረር ቁልቁል ማየት ድካሙን ያስረሳል። በነአኩቶ ለአብ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል ዛሬም በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል። ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የተሠራው ይምርሃነ ክርስቶስም ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የታነጹበት፣ በዋሻ ውስጥ የተሸሸገ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጉልበት ያለው ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወጥቶ ጅብራና ጭላዳ ያያል። ቅዳሜ የዋለ ሰው የገበያውን ማርና ገብስ፣ በአሮጌዎቹ ሰፈሮችም ባለ ፎቁን ክብ የድንጋይ ጎጆ ሳያይ ባይመለስ መልካም ነው።

አስጎብኚያችን በዚያ ሳምንት የመጀመሪያ እንግዶቹ እኛ መሆናችንን ነግሮናል። ለገና አልጋ የሚታጣባት ከተማ በጥቅምት ባዶዋን መዋሏ ለእንግዳው ምቾት ቢሆንም ለእሱ ግን የልጆቹ እንጀራ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ ከክረምት መውጫ ጀምሮ እስከ ኅዳር ስላለችው ላሊበላ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ለሚቆይ እንግዳ የሚሆን ሌላ ጽሑፍ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ