ዓሣው አለ፣ አባባ

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
ጥር 18 ቀን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? እማዬስ ደህና ናት? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ባለፈው በስልክ፣ እዚህ በብርዱ ወራት ሐይቁ በረዶ ሲሆን በረዶውን ሰርስረን ዓሣ እንደምናጠምድ ስነግርዎ፣ «ውሃው ድንጋይ ከሆነ ዓሣው የት ይገባል?» ብለው ጠየቁኝ። መልሴን ሳልጨርስ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ጥያቄዎ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋም። ስለዚህ በደንብ ልጻፍልዎ። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ዓሣው የትም አይሄድም። እዚያው ከበረዶው ሥር ነው። ውሃ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ነው። ያ ከባዱ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ይበልጥ የቀዘቀዘው ቀለል ስለሚል ላይ ይቀራል፤ በረዶ የሚሆነውም እሱ ነው። ከዚያማ በረዶው እንደ አክንባሎ ይከድነዋል። ውጪው ከዜሮ በታች 20 ቢገባም ታች ያለው ውሃ ውሃ ሆኖ ይከርማል። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ግን ዓሣው ላይከርም ይችላል። በረዶው ላይ ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ሲከመር ብርሃን አይገባም። ሥር ያለው ሣር ይሞታል፣ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ዓሣውም አብሮ ያልቃል።

እኔ የማጠምደው ክራፒ የሚባለውን ነው። ከስንዝር ትንሽ ያልፋል። ጎኑ ብር ይመስላል፣ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ሲያዩት የቆሮሶ ዘመድ ይመስላል። በረዶው በቀለጠ ሰሞን ዳር ድረስ መጥቶ ያገኘውን ይጎርሳል። አሁን ግን አፉን ይዘጋል። ዓሣ ገላው እንደ ውሃው ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ እሱም ይቀዘቅዛል። የበላው ቶሎ አይፈጭለትም፣ ስለዚህ ብዙም አይርበውም። ምግብ ለማሳደድ አይደክምም።

ይህን ሳላውቅ አምና ሦስት ቅዳሜ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ለአምባዛ የሚሆን ትልቅ መንጠቆ ይዤ፣ እላይ እታች እያወዛወዝኩ። ዓሣው የለም ብዬ ደምድሜ ነበር።

ዓይኔን የገለጡልኝ አንድ ጎረቤቴ ናቸው። ከላኦስ የመጡ፣ ህሞንግ ከሚባለው ሕዝብ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም እንደኔ ስደተኛ ሆነው ነው እዚህ የደረሱት። እንግሊዝኛችን ያው የሁለታችንም እንደነገሩ ነው፣ ግን በእጅ ተግባባን። መንጠቆዬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ መንጠቆ አወጡ። ከነእርሳስ ክብደቷ አንድ ግራም አትሞላም። ክሯ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነው። ጫፏ ላይ አንድ ነጭ ትል ሰኩባት። ያ ትል ምን መሰለዎት? ቀፎ ገብቶ ሰም የሚበላብን፣ እርስዎ በጭስ የሚያባርሩት ነው! እዚህ በትንሽ ዕቃ እየታሸገ ይሸጣል።

ከዚያ ዓይናቸውን በጣት አሳዩኝ፤ ወደ ላይ። የክራፒ ዓይን ወደ ላይ ነው የሚያየው። ከበታቹ ያለውን ብዙም አያይም፣ ቢያይም ብዙ ጊዜ አይወርድም። ስለዚህ ዓሣው 8 ሜትር ላይ ከቆመ መንጠቆው ከራሱ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ከዚያም ዝም። ማወዛወዝ የለም።

ትናንት ሚኒቶንካ ሐይቅ ላይ ነበርን። እዚህ በጥር ፀሐይ 11 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ክራፒ የሚነቃው ያኔ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድም አልነካንም። ዓሣ የሚያሳየው መሣሪያ ላይ ግን ይታያሉ፤ ወደ መንጠቆው ይመጣሉ፣ አይተው ይመለሳሉ። ፀሐይዋ ዛፎቹ ጋ ስትደርስ ክሬ ላላ። አልተሳበም፣ ላላ። ክራፒ ከሥር መጥቶ ጎርሶ ወደ ላይ ስለሚያነሣው ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ እስኪሳብ ይጠብቃል። እኔ ቀስ አድርጌ አነሣሁት። በኃይል ከጎተቱት ከንፈሩ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ቀዳዳው አፍ ላይ ሲደርስ ጓንቴን አውልቄ በእጄ ያዝኩት። ከውጪው አየር ይልቅ እሱ ይሞቃል፣ አባባ። እውነቴን ነው።

ስድስት ይዘን አቆምን። ሕጉ ለአንድ ሰው እስከ 10 ይፈቅዳል። ግን ከጥልቅ ውሃ የወጣ ዓሣ ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ስለሚነፋ መልሰው ቢለቁትም ላይተርፍ ይችላል። ስለዚህ የምንበላው ከበቃን እንሰበስባለን። እማዬ በላከችው በርበሬ አሸሁት፣ ጠበስኩት። ለሽማግሌው ቤትም ላክሁ። በርበሬውን ወደዱት።

ለእማዬ ንገሯት፣ አትስጋ። በረዶው 10 ሳንቲሜትር ሳይሞላ አልረግጠውም። ትናንት የሰረሰርነው ከ40 በላይ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጅ ሆኜ ታንኳው ላይ ከኋላዎ ስቀመጥ ዝም በል ይሉኝ ነበር እንጂ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ክረምት ላይ ጣና ሲደፈርስ፣ ዓሣው ወደ ጉማራ ወንዝ ሲወጣ፣ መረቡን የት ነበር የሚጥሉት? በምን ያውቁ ነበር? እሑድ ስደውል ይንገሩኝ። ካርድ ሞልቼ ነው የምደውለው።

ልጅዎ