«ካስፈለገ ይነገራችኋል»

ልጄ፣ ሆዴ፣

ሳክራሜንቶ በሰላም መግባትሽ ተመስገን። ግን ከወንዙ ግድብ ሥር፣ ያውም ምድር ቤት፣ ተከራየሁ ስትዪኝ እንቅልፌ ጠፋ። አከራይሽ «ግድቡ አይነቃነቅም፤ የሚያሰጋ ነገር ካለ ይነገርሻል» አለሽ አይደል? እስኪነገርሽ አትጠብቂ።

ኳስ ስትጫወቺ ያደግሽበት የፖርትላንዱ ዴልታ ፓርክ ድሮ ከተማ ነበር፤ ቫንፖርት ይባላል። ከታች የምትኖረው፣ «አያቴ» የምትያት ጎረቤታችን ልጅነቷ እዚያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለባለሀብቱ ካይዘር የመርከብ ፋብሪካዎች ከየአገሩ ሰው ጎረፈ። ፖርትላንድ ውስጥ ቤት ጠፋ፤ ጥቁር ከሆንሽ ደግሞ ከአልቢና ሰፈር ውጭ የሚያከራይሽ የለም ማለት ይቻላል። ካይዘር በ1942 በፈረንጆቹ ኮሎምቢያ ወንዝ አጠገብ፣ በግድብ የተከበበ ረግረግ ላይ ከተማውን ጀመረ። በወራት ውስጥ 40,000 ያህል ሰው ገባበት፤ ከኦሪገን ከተሞች ሁለተኛው ሆነ። ግድግዳው ስስ ነው፣ የጎረቤት ሳል ይሰማል። መሠረቱ ሳይቀር እንጨት ነበር።

ፋብሪካው በር ላይ ደግሞ የሕፃናት መዋያ ነበረ፤ ሌሊትም ይሠራል። እናቶች ብየዳ ውለው ሲወጡ ልጃቸውንም የበሰለ እራትም ይዘው ይሄዱ ነበር። አንቺን እንቅልፍሽን እያቋረጥኩ ሰው ቤት ሳስቀምጥሽ ለከረምኩት ለእኔ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

በ1948፣ ሜይ 30፣ እሁድ ጠዋት፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ የቤቶች ባለሥልጣኑ ወረቀት አደለ፦ ግድቦቹ ለጊዜው አያሰጉም፣ ካስፈለገ ይነገራችኋል፣ ለመውጣት ጊዜ ይኖራችኋል፣ አትደናገጡ። ከሰዓት በኋላ የባቡር ሐዲዱ ያለፈበት የአፈር ክምር ተደረመሰ። ቤቶቹ ከመሠረታቸው ተነሥተው ተንሳፈፉ፣ እርስ በርስ ተላተሙ። 15 ሰው ሞተ፤ 18,500 የሚሆን ሕዝብ፣ ሲሶው ጥቁር፣ ቤት አልባ ሆነ። ከተማውን መልሶ የሠራው የለም። ብዙ ሰው የተረፈው በዓል ስለነበር ወጣ ብሎ ነው እንጂ ወረቀቱን ያመነማ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነበር!

እና እስኪነገርሽ አትጠብቂ፣ የኔ እናት። ውሃው ከፍ አለ ሲባል ከሰማሽ ወደ አክስትሽ ቤት ሂጂ፤ ሥራ አለብኝ አትበዪኝ። ፓስፖርትሽንና የትምህርት ማስረጃሽን አንድ ቦርሳ ውስጥ አድርገሽ ቁም ሳጥኑ ላይ ስቀዪው። የተከራይ ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ የጎርፉን ለብቻው ግዢ። ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ዝናቡ ሳይመጣ በዚህ ሳምንት ጨርሺው። ብሩን እኔ እልካለሁ። የኢንሹራንሱን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።

እናትሽ