ለአባባ፣ ከአዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ቅዳሜ ዕለት ከጓደኛዬ ጋር ሙዚየምና መናፈሻ ስንዞር ውለን፣ ከዚያ ወዲህ እርስዎ ከሐሳቤ አልወጡም።

መጀመሪያ የሄድነው ስድስት ኪሎ ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው ሙዚየም የጃንሆይ መኝታ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤታቸው ሳይቀር ይጎበኛል። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ግቢው ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። ጣሊያን ያሠራው ጠመዝማዛ ደረጃም ዛሬ ድረስ አለ፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። አባባ በተማሪነቱ ስንት ጊዜ በዚህ አልፎ ይሆን እያልኩ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ በእግራችን ወደ አምስት ኪሎ ወርደን ብሔራዊ ሙዚየም ገባን። ድንቅነሽ ምድር ቤት ናት። ለዕይታ የቀረበው ቅጂው ቢሆንም ሰው ከመስታወቱ አይነቀልም። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይዘል፤ ትንሽ ልጅ የቆመች ነው የሚመስለው። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ቆይታ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ ይበሉልኝ።

ከምሳ በኋላ አንድነት ፓርክ ገባን። አበባው፣ አገር በቀል ዕፅዋቱ፣ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች፣ ሁሉም ያምራል። ከዙፋን ቤቱ ሥር ያለው ምድር ቤት ግን ሌላ ነው። ደርግ የጃንሆይን ባለሥልጣናት ያሰረው እዚያ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት መካከል ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ይገኙበታል። ስንወጣ ጓደኛዬ፣ «ድንቅነሽ እኮ የተገኘችው በማግስቱ ነው» አለችኝ። ሁለቱን ቀኖች በየፊናቸው አውቃቸው ነበር፤ ጎን ለጎን አድርጌ ያየኋቸው ግን ያን ጊዜ ነው።

እርስዎ በዚያ ኅዳር የስድስት ኪሎ ተማሪ ነበሩ። በወሩ ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ። ስለ ዘመቻው፣ ስላረፉበት ጎጆ፣ ፊደል ስላስቆጠሯቸው ገበሬዎች ደጋግመው አጫውተውናል። ስለ ኅዳር ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ወሬውን ከማን ሰሙ? ጓደኞችዎ ምን አሉ? ፈርተው ነበር? እነዚህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእርስዎ አንደበት መስማት እፈልጋለሁ፤ መናገሩ የሚከብድዎት ከሆነም አላስገድድዎትም።

ስለዚህ አዲስ አበባ ይምጡልኝ። ወደ ድንቅነሽ የሚወስደውን ደረጃ እጅዎን ይዤ በቀስታ እንወርዳለን፤ የላይኛው ፎቅ ይቅርብን። ፓርኩም ሰፊ ስለሆነ ሁሉን ካላዳረስን አንልም፤ ጥላ ያለው መቀመጫ ይዘን እናወጋለን። ሐኪሙ ስለ ጉልበትዎ ያለውን እንደሰሙ ይደውሉልኝና ፈቃድ ጠይቄ ደሴ ድረስ እመጣለሁ፤ አብረን እንመለሳለን። እማዬም ከመጣች ደስታዬ እጥፍ ነው፤ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ ልጅዎ